የነፍሳትና የሸረሪት ናሙና ክፍል ጥገና፤ ጅማ፣ ከሰኔ 2017 እስከ ጥቅምት 2018

ሰኔ 9–14፦ ቆጠራ

በስፒል የተሰካ ወደ 6,000 የሚጠጋ ናሙና በ46 መሳቢያ። በአልኮል 1,140 ብልቃጥ፤ አብዛኛው ሸረሪት፣ የቀረው ጊንጥ፣ መዥገርና እጭ። ክፍሉ አንድ መስኮት አለው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። እርጥበት መለኪያ በ950 ብር ተገዝቶ መደርደሪያው መሃል ተቀመጠ፦ ጠዋት 81፣ ከሰዓት በኋላ 72 በመቶ። ከ65 በላይ ከቆየ ሻጋታ ይነሣል። ገና በሰኔ እንዲህ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ምን ይዘው እንደሚመጡ መገመት አይከብድም።

በ19 መሳቢያ ብል ተገኘ። የሚታየው ተባዩ ራሱ አይደለም፤ ከናሙናው ሥር የተከመረ፣ የተፈጨ ቡና የመሰለ ብናኝና ፀጉራም የእጭ ቅርፊት ነው። ጥፋተኛው አንትሬነስ የሚባለው ክብ፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጥንዚዛ ነው። ናሙና የሚበላው እጩ ብቻ ነው፤ ጎልማሳው አበባ ላይ ወጥቶ ዱቄቱን ስለሚመገብ በመስኮት ገብቶ ይወጣል። መስኮቱ ላይ የሚሞቱትን ጥንዚዛዎች በየሳምንቱ መልቀም ከማንኛውም ወጥመድ ቀድሞ ይናገራል። በሌሎች 8 መሳቢያዎች ብል የለም፣ ሻጋታ የሚግጡ የወረቀት ቅማሎች ግን አሉ። እነሱ የእርጥበት ምልክት ናቸው፤ ክፍሉ ሲደርቅ ራሳቸው ይጠፋሉ።

ለእያንዳንዱ መሳቢያ አንድ ገጽ ተሞላ፦ ብል፣ ሻጋታ፣ የዛገ ስፒል፣ የወደቀ አካል፣ መለያ ወረቀት የሌለው። የመጨረሻዋ ዓምድ ያን ጊዜ በችኮላ ነበር የተሞላችው። ስህተት ነበር፤ ነገሩ በኋላ ይመጣል።

ሰኔ 16፦ ፍሪዘር

መርዝ ላለመጠቀም ተወስኗል። በድሮዎቹ መሳቢያዎች ጥግ የነበረው ናፍታሊን ብሉን ጥቂት ያርቀው እንደሆነ እንጂ አልገደለውም፤ ለሚሠራው ሰው ጤናም አይበጅም። ይባስ ብሎ ናፍታሊኑ የነካው የስታይሮፎም ወለል ቀልጦ ጎድጉዷል፤ ስፒሎቹ ተጋድመው ናሙናዎቹ እርስ በርስ ተሰባብረዋል። በሁለት መሳቢያ ብሉ ካደረሰው ጉዳት ናፍታሊኑ ያደረሰው ይበልጣል።

ያገለገለ 300 ሊትር የተጋደመ ፍሪዘር በ24,000 ብር ተገዛ። እስከ መጨረሻው ሲጠነክር ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ቅዝቃዜ 14 ቀን ያስፈልጋል፤ ከዜሮ በታች 30 የሚወርድ ቢኖር 3 ቀን ይበቃ ነበር። አሠራሩ፦ መሳቢያው በወፍራም ላስቲክ ሁለት ጊዜ ይጠቀለላል፣ አየሩ ተጨምቆ ይወጣና በሰፊ ፕላስተር ይታሸጋል። በመሳቢያዎቹ መካከል የ3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት በእንጨት ይጠበቃል። ፎምና እንጨት ብርድ ያግዳሉ፤ ተጠጋግተው ከገቡ መሃል ያለው ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ እጭ ደግሞ ሰውነቱን ለብርዱ ያዘጋጃል። ስለዚህ በአንድ ዙር 5 መሳቢያ ብቻ። ሲወጣ ላስቲኩ ለ24 ሰዓት አይከፈትም። ጤዛው ላስቲኩ ላይ ይውረድ፤ ቶሎ ከተከፈተ የሚወርደው ቢራቢሮው ላይ ነው።

ሰኔ 28፦ መብራት ጠፋ

ሌሊቱን 9 ሰዓት ሙሉ። በረዶ በያዘ ኩባያ ላይ ሳንቲም የማስቀመጥ ዘዴ ተሞክሮ ነበር፦ ሳንቲሙ ከሰመጠ ቀልጧል ማለት ነው። ጠዋት ሳንቲሙ እንደነበረ ነው። የሙቀት መዝጋቢው (2,600 ብር) ግን ከዜሮ በታች 3 መድረሱን አሳየ። ሳንቲም የሚናገረው ከዜሮ በላይ ስለሚሆነው ብቻ ነው፤ ለሥጋ ይበጃል፣ ለብል አይበጅም። ዙሩ ከቀን አንድ ተጀመረ።

ቀጥሎ የተሞከረው ባዶውን ቦታ በውሃ ጀሪካን መሙላት ነው። በሚቀጥለው የ8 ሰዓት መጥፋት ከዜሮ በታች 5 ደረሰ። ብዙ ለውጥ የለም፤ ምክንያቱም የንጹሕ ውሃ በረዶ ብርዱን አጥብቆ የሚይዘው ዜሮ ላይ፣ ሲቀልጥ ነው። እኛ የምንፈልገው ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ የሚቀልጥ ነገር ነው። ስለዚህ ጀሪካኖቹ ተደፍተው በአንድ ሊትር 100 ግራም ጨው ተሞሉ፣ በድምሩ 20 ሊትር። የጨው ውሃ ከዜሮ በታች ከ6 ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጋግራል፣ ሲሞቅም ያንኑ መንገድ ቀስ በቀስ ይመለሳል። በሐምሌ መጨረሻ መብራት 10 ሰዓት ሲጠፋ መዝጋቢው ከዜሮ በታች 11 ላይ ቆመ። የጨው ዋጋ ከጄኔሬተር ናፍጣ ጋር አይወዳደርም። ጀሪካኑ አንድ አምስተኛው ባዶ ይተው፤ አንዱ ተሰንጥቆ የጨው ውሃ ወለሉ ላይ ፈስሷል።

ደንቡ እንዲህ ሆነ፦ ከዜሮ በታች 10 መድረሱ ከቀረ 14ቱ ቀን እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ ከዜሮ በታች በ10ና በ15 መካከል ከሆነ ያ ቀን አይቆጠርም። በዚህ ሂሳብ አራቱ ዙር ነሐሴ 28 ቀን አለቀ።

ሐምሌ 1–20፦ መሳቢያ ማሠራት

12 አዲስ መሳቢያ ታዘዘ። የውጭ ልክ 45 በ45፣ የውስጥ ቁመት 5.5 ሳንቲ ሜትር፣ የጎን ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር፣ ወለሉ የ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ክዳኑ የ3 ሚሊ ሜትር መስታወት። የነፍሳት ስፒል ቁመት 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ 8 ሚሊ ሜትር ያህሉ ፎም ውስጥ ሲገባ ከላይ የእጅ መግቢያ ክፍተት ይተርፋል።

እንጨቱ ላይ ተሳሳትን። አናጺው «ጥድ ብል አይደፍረውም» አለ፣ እውነቱን ነው፤ ለልብስ ሣጥን። የመጀመሪያዎቹ 4 በጥድ ተሠሩ። በአምስተኛው ሳምንት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ጠብታ አወጣ። የጥድ ዘይት በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ተንኖ መስታወቱና ናሙናው ላይ ያርፋል፤ ክንፍ ላይ ካረፈ አይለቅም። ደግነቱ ባዶ ነበሩ። አሁን የስፒልና የወረቀት ማስቀመጫ ሆነዋል። የቀሩት 8 በዋንዛ ተሠሩ፣ አንዱ ከነመስታወቱ 2,300 ብር። ቺፕዉድ በግማሽ ዋጋ ይገኝ ነበር፤ ማጣበቂያው የሚያወጣው ፎርማልዲሃይድ ስፒል ስለሚበላ ተተወ።

ዋንዛውም ቢሆን በደንብ ሳይደርቅ ነው የተሠራው። በነሐሴ እርጥበት ጠጥቶ አበጠና ክዳኖቹ ነከሱ። የነከሰ ክዳን በጉልበት ሲከፈት መሳቢያው ይነጥራል፣ ሲነጥር የፌንጣ እግር ይረግፋል። 3 ክዳን በመላጊያ 1.5 ሚሊ ሜትር ተላገ፤ የመደርደሪያው ሐዲድ ክፍተትም ከ1 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሰፋ። እንጨቱ ከውስጥም ከውጭም ሁለት እጅ ቫርኒሽ ተቀብቶ 4 ሳምንት ክፍት ሆኖ ተናፈሰ። ለቀጣዩ ትእዛዝ፦ ልኩ የሚወሰደው በበጋ፣ ክፍተቱ የሚታሰበው ለክረምት ነው።

ለወለሉ ስታይሮፎም በፍጹም። ከፍሪጅ ማሸጊያ የሚወጣው ለስላሳ ነጭ ፎም ተሞከረ፤ ስፒሉ ይወዛወዛል፣ ከባድ ጥንዚዛ ሲሆን ክብ ይዞራል። የተሳካው ለካምፕ መኝታ የሚሸጠው ጠጣሩ ፖሊኢትሊን ምንጣፍ ነው፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ 1,400 ብር። ከ60 በ180 ምንጣፍ 4 ወለል ይወጣል። አንድ ቀዳዳ ላይ 20 ጊዜ ስፒል ገብቶ ወጥቶ አሁንም አጥብቆ ይይዛል። በማስቲሽ አይለጠፍም፣ ሽታው ለወራት አይለቅም፤ 1 ሚሊ ሜትር አስፍቶ ቆርጦ በጫና ማስገባት ይበቃል። ቀለሙ ሰማያዊ ስለሆነ ከላይ ነጭ ወረቀት።

የዛጉ ስፒሎች

የቆዩት ናሙናዎች በቢሮ ስፒል የተሰኩ ናቸው። ብረት የሆነው ዝጓል። መዳብ ያለበት ደግሞ ከነፍሳቱ ስብ ጋር ተዋህዶ አረንጓዴ ሰም መሰል ነገር አውጥቷል፤ በተለይ በትልልቅ የእሳት ራቶችና እንጨት በሚቦረቡሩ ጥንዚዛዎች ላይ። አረንጓዴው እያበጠ ደረቱን ይሰነጥቀዋል።

ማለስለሻ፦ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምሳ ሣጥን፣ 2 ሳንቲ ሜትር የተቀቀለ አሸዋ፣ አሸዋውን የሚያርስ ውሃ፣ ለሻጋታ 5 ጠብታ ዴቶል፣ ከላይ የፎም ቁራጭ። ከ24 እስከ 36 ሰዓት። 48 ያለፈ አንድ ሣጥን ተረስቶ ፀጉራም ሆኖ ተገኘ። ከለሰለሰ በኋላ ስፒሉ በወረንጦ ተይዞ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በቀጥታ ከተሳበ ደረቱን ይዞት ይመጣል። አዲሱ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቁጥር 3 በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ለጥንዚዛ ቦታው የቀኝ ክንፍ ሽፋን ነው፣ ለትኋን መሰሎች ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ጋሻ፣ ለዝንብና ለተርብ ደረቱ ከመሃል ወደ ቀኝ፣ ለቢራቢሮ ደረቱ ልክ መሃል። አንዱ ጎን ሳይነካ መቅረት ስላለበት ነው መሃሉ የሚሸሸው።

የቡና ፍሬ ቦርቧሪው ጥንዚዛ በስፒል አይሰካም፤ ሴቷ ከ1.6 እስከ 1.9 ሚሊ ሜትር ናት፣ ወንዱ ከዚያም ያንሳል። ከ250 ግራም ካርቶን 8 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ ከሥር 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሹል ሦስት ማዕዘን ይቆረጣል። ጫፉ ታጥፎ በሼላክ ጠብታ የቀኝ ጎኗ ይለጠፋል። (ሼላክ ራሱ ከነፍሳት የሚገኝ ነው።) የአናጺ ኮላ ተሞክሯል፤ ሲያረጅ ውሃ አይፈታውም። ሼላክ በአልኮል ይለቃል። ማጣበቂያው ከበዛ ጀርባዋ ላይ ያለውን ፀጉርና ቅርፊት ይሸፍናል፣ እሱ ከተሸፈነ ከዘመዶቿ መለየት አይቻልም። ከመጀመሪያዎቹ 60 ውስጥ 22ቱ ተፈትተው እንደገና ተለጠፉ። ጅማ ውስጥ ከሁሉም መሳቢያ በላይ የሚከፈተው የቡና ተባዮች መሳቢያ ነው፤ ቦርቧሪዋ፣ አንቴስቲያ የሚባለው ትኋን መሰል፣ ቅጠል አቃጣዩ። ስለዚህ እዚህ ላይ የባከነው ጊዜ አያስቆጭም። የተበሳው ደረቅ ፍሬም አብሮ ይቀመጣል፣ ግን መጀመሪያ ፍሪዘር።

ሐምሌ 14 – ነሐሴ 10፦ አልኮል

ከ1,140 ብልቃጥ 163ቱ ደርቀዋል፣ ሌሎች 300 ያህል ከግማሽ በታች ናቸው። የክዳኑ ዓይነት ዕጣቸውን ወስኖታል፦ ውስጡ ካርቶን ያለው ጥቁር ክዳን ሁሉ አፍስሷል፤ የጎማ ውታፉ ተሰነጣጥቋል፤ የማርማላታ ጠርሙስ የብረት ክዳን ዝጎ አልኮሉን ቡናማ አድርጎታል። ጥብቅ ሆኖ የቆየው ውስጡ የፕላስቲክ ሾጣጣ ያለው የፖሊፕሮፒሊን ክዳን ብቻ ነው።

የጎደለውን ዝም ብሎ መሙላት ሌላ ስህተት ነው። ከውሃው በፊት የሚተነው አልኮሉ ስለሆነ የቀረው ፈሳሽ ደካማ ነው፤ በአልኮል መለኪያ ሲታይ አንዳንዱ 50 እንኳ አይሞላም። ከግማሽ በታች የሆነው ሁሉ ተደፍቶ በአዲስ ተተካ።

በጀሪካን የተገዛው «97» ተብሎ ነበር፤ መለኪያው 94 አለ። ስለዚህ ለ80 በመቶ፦ 851 ሚሊ ሊትር ተለክቶ በተጣራ ውሃ እስከ 1,000 ምልክት ይሞላል። 851ና 149 ለይቶ ለክቶ መደባለቅ አይሠራም፣ ሁለቱ ሲገናኙ መጠናቸው ይቀንሳል። የቧንቧ ውሃ ነጭ ዝቃጭ ያመጣና የሸረሪት ፀጉር ላይ ይቀመጣል። ለዘረመል ሥራ የሚለዩት በ94ቱ እንዳለ፣ ፍሪዘር ውስጥ። አረቄ አይሆንም። ከመስክ አልኮል አልቆ በአረቄ የመጡ 11 ብልቃጦች ነበሩ፤ መለኪያው 42 አነበበ፣ ሆዳቸው ሟሙቶ እግራቸው ወልቋል።

የደረቁትን ለማዳን፦ 0.5 በመቶ ትራይሶዲየም ፎስፌት (5 ግራም በሊትር)፣ ለብ ባለ ቦታ ከ6 ሰዓት እስከ ማደር። ሰውነቱ ሲነፋ በተጣራ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ 30፣ 50፣ 80 በመቶ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ቀን። በቀጥታ ወደ 80 ከገባ መልሶ ይኮማተራል። ከ163ቱ 118ቱ የሚታወቅ መልክ ይዘው ተመለሱ። ሸረሪት የሚለየው በጎልማሳ አካሉ፣ በሴቷ ሆድ ሥር ባለው የመራቢያ ሳህን ወይም በወንዱ አፍ አጠገብ ባሉ ጢም መሰል እጆች ስለሆነ፣ እነሱ እስከተነፉ ድረስ እግር መጉደሉ ሥራ አያስቀርም። የሴቷን ሳህን ለማየት ተቆርጦ በቅርንፉድ ዘይት ጠብታ ላይ ይቀመጣል፤ ሥጋው ብርሃን አሳላፊ ይሆንና ውስጡ በማይክሮስኮፕ ይነበባል።

ጊንጥ ለብቻው። ቅርፊቱ አልኮል ስለማያስገባ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል። በሆዱ ክፍሎች መካከል ባለው ስስ ቆዳ በሲሪንጅ 80 በመቶ አልኮል ይወጋል፤ ለ7 ሳንቲ ሜትር ጊንጥ 1 ሚሊ ሊትር ያህል። ሳምንት ቆይቶ አልኮሉ ይቀየራል።

ትንንሾቹን ለማስቀመጥ፦ ብልቃጡ በክዳን ፋንታ በጥጥ ተወትፎ፣ አፉ ወደ ታች ተገልብጦ፣ አልኮል በሞላ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። የትልቁ ጠርሙስ መጠን በዓይን ይታያል፤ 1,140 ብልቃጥ ከመቆጣጠር 60 ጠርሙስ መቆጣጠር ይሻላል።

ነሐሴ 11፦ የመለያ ወረቀት ፈተና

አዲሶቹ መለያዎች በሌዘር ማተሚያ ታትመው 200 ብልቃጥ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው ፈተና የተደረገው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነበር። የተለያየ ጽሕፈት የያዘ 5 ዓይነት ወረቀት በ80 በመቶ አልኮል 14 ቀን ተዘፍዝፎ በየቀኑ 20 ጊዜ ተናጠ። የቀለም ማተሚያው በመጀመሪያው ሰዓት ጠፋ። የሌዘሩ ፊደል በ9ኛው ቀን እየተላጠ ከታች ዘቀጠ። እርሳስ ምንም አልሆነ። ቻይና ቀለም ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ከደረቀ ምንም አልሆነ። 200ው ወጥቶ በ2ኤች እርሳስ ከጥጥ በተሠራ ወረቀት ላይ በእጅ ተጻፈ። 4 ቀን ፈጀ። መለያው ብልቃጡ ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ የተለጠፈ መለያ የፈሰሰ አልኮል ያጠፋዋል፣ ያልጠፋውን በረሮ ይበላዋል። የድሮው መለያ የማይነበብ ቢሆንም አይጣልም፣ ከአዲሱ ጋር ይቀመጣል።

ነሐሴ 20 – መስከረም 25፦ ቀን

ከዚህ መጀመር ነበረብን። ብል የበላው ናሙና ቢያንስ መበላቱ ይታያል፤ ቀኑ የተሳሳተ ናሙና ሙሉ አካል ይዞ ይዋሻል።

«12/3/09» የሚል መለያ አለ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12፣ 2009 ነው፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 21፣ 2016። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ማርች 12፣ 2009። እንደ አሜሪካኖች ወርን ያስቀደመ ከሆነ ዲሴምበር 3፣ 2009። አንዱ በቡና ለቀማ ወራት፣ አንዱ ዝናብ ሲጀምር፣ በመካከላቸው 7 ዓመት ከ8 ወር። እንዲህ አሻሚ የሆኑ 870 ናሙናዎች ተቆጠሩ።

መጀመሪያ ነገሩን አባሰነው። መለያዎቹ ወደ ኤክሴል ሲገቡ ፕሮግራሙ ሳይጠየቅ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ቀን ቀየረ፤ «5/13/08» የሚለውን ብቻ አልገባኝም ብሎ እንዳለ ተወው። 400 መስመር ተሰርዞ ከመለያው እንደገና ተገለበጠ። ዓምዱ ቁጥር ከመግባቱ በፊት ጽሑፍ ተብሎ መሰየም አለበት። አሁን አምስት ዓምድ አለ፦ መለያው ላይ እንዳለ፣ የትኛው አቆጣጠር፣ ቀኑ ከ፣ ቀኑ እስከ፣ ማስረጃ።

ማስረጃ ሆነው ያገለገሉት፦ የመሃሉ ቁጥር 13 ከሆነ ጳጉሜ ነው፣ የእኛ ነው። ቀኑ 31 ከሆነ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ ወር 30 አያልፍም። ወሩ በሮማውያን ቁጥር ከተጻፈ ሰብሳቢው በሙዚየም ልማድ የሠለጠነ ነው፣ የፈረንጅ ነው ማለት ይቻላል። ዓመቱ 19፣ 20፣ 21 ከሆነ የፈረንጅ ነው፤ ያን ጊዜ እኛ ገና 18 ላይ ነበርን። የመስክ ደብተር ከተገኘ ከሁሉ ይበልጣል።

አንዳንዴ ናሙናው ራሱ ይመሰክራል። በ«20/11/09» የተያዘ የበቆሎ መጤ ተምች ጎልማሳ አለ። ይህ ተምች አፍሪካ ውስጥ የታወቀው በ2016፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በ2017 ነው፣ በፈረንጅ። ስለዚህ ኖቬምበር 2009 ሊሆን አይችልም፤ ሐምሌ 20፣ 2009፣ ማለትም ጁላይ 27፣ 2017 ነው። የዚያው ደብተር ሌሎች 64 ናሙናዎች በዚሁ ተፈቱ።

ሰዓትም አለ። የብርሃን ወጥመድ መዝገብ «2፡30» ሲል የምሽቱ 2፡30 ነው፤ ነጭ አቡጀዲ ተዘርግቶ መብራት የሚበራበት ሰዓት። የውጭ አገር ተመራማሪ ከሌሊቱ 2፡30 አድርጎ ቢወስደው በምሽትና በውድቅት የሚበርሩትን የእሳት ራቶች ይደባልቃል። አዲሱ መለያ ላይ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 20፡30 ተብሎ ይጻፋል።

ከ870 ውስጥ 612ቱ ተፈቱ። 258ቱ አልተፈቱም፤ ለእነሱ «ከማርች 12፣ 2009 እስከ ኖቬምበር 21፣ 2016» ዓይነት ወሰን ተጻፈ። ግምት አንድ ቀን ሆኖ ከተጻፈ ማንም ግምት መሆኑን አያውቅም።

መስከረም 27፦ ቦታ

ቦታው ከቀኑ ይቀላል፣ ወጥመድ ግን አለው። «ከፋ» የሚል አሮጌ መለያ ቦንጋን ላይመለከት ይችላል፤ የያኔው ከፋ ዋና ከተማው ጅማ ነበር። «ከፋ ጠቅላይ ግዛት» ከደርግ በፊት፣ «ከፋ ክፍለ ሀገር» ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የአስተዳደር ስሙ ለዓመቱም ፍንጭ ይሰጣል። የጅማ የላቲን አጻጻፍ ብቻ ሦስት ዓይነት ነው፦ በጄ፣ በዲና ጄ፣ እንደ ጣልያኖቹ ደግሞ በጂ የሚጀምር። ሰቃ ጨቆርሳ፣ ሊሙ፣ ማናና ጎማም እንደ ጻፊው ይለያያሉ። በቁጥር ብቻ የተጻፉት «0261… 0848…» ዩቲኤም የሚባለው፣ ቦታን በሜትር የሚለካ የካርታ መጋጠሚያ ናቸው፣ ዞን 37 ሰሜን፤ መለያው ግን ዞኑን አይልም። ከአሮጌ ካርታ የተነበበ ከሆነ የልኬት መነሻው አዲንዳን የሚባለው የድሮው ስለሆነ ከጂፒኤሱ ጋር በ200 ሜትር ገደማ ይለያያል። ለጅማ ከተማ ምንም አይደለም፤ በለጠ ጌራ ደን ቁልቁለት ላይ ግን ሌላ ከፍታ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ማነጻጸሪያው እዚህ ስላልሆነ ነው። ጣልያናዊዎቹ ተጓዦች አንቲኖሪና ቦቴጎ ከኢትዮጵያ የወሰዷቸው ናሙናዎች ጄኖቫ ናቸው፤ እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂው ስኮት በ1926–27 (በፈረንጅ) የሰበሰባቸው ለንደን። ፎቶ ልኮ «ይህ ያኛው ነው ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ከፎቶው ጋር የሚሄደው መለያው ነው።

ጥቅምት 3፦ እርጥበት፣ እንደገና

ለክፍሉ በሙሉ ማድረቂያ ማሽን ከመብራቱ ጋር አይሄድም። ሁለት የላሜራ ቁም ሣጥን ተገዝቶ በራቸው ዙሪያ የመኪና በር ጎማ ተለጠፈ፤ በእያንዳንዱ 2 ኪሎ ብርቱካንማ ሲሊካ ጄል፣ እርጥበት የሚመጥ ጠጠር። ክፍሉ 80 ሲሆን ውስጡ ከ52 እስከ 56። በክረምት ጄሉ በ9 ወይም በ10 ቀን ይሞላል፤ በ120 ዲግሪ ምድጃ ለ3 ሰዓት ይደርቃል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ተሞክሮ ሙቀቱ አልፎ ጄሉ ጠቆረ፤ ውሃ መምጠጡን አላቆመም፣ ቀለሙ ግን ከእንግዲህ ምንም አይናገርም። ሣጥኑ በቀን አንዴ ብቻ ይከፈታል። እግሮቹ ለጉንዳን ዘይት በያዘ ቆርቆሮ ውስጥ ቆመዋል።

ጥቅምት 20

ከፍሪዘር የወጡት 19 መሳቢያዎች ወለል በብሩሽ ጸድቶ ነጭ ወረቀት ተነጥፎባቸው ነበር፤ አዲስ ብናኝ ቢወርድ ወዲያው እንዲታይ። 18ቱ ንጹሕ ናቸው። በ17 ቁጥር መሳቢያ፣ ከአንድ የአውራሪስ ጥንዚዛ ሥር፣ የጥፍር ቁንጥር የምታህል ብናኝ ወርዳለች። ጥንዚዛው ሲነቀል ከሆዱ ሁለት በሕይወት ያሉ እጮች ወጡ። ያ መሳቢያ የገባው በመጀመሪያው ዙር፣ መብራት በጠፋበት ሳምንት ነው፤ የአውራሪስ ጥንዚዛም ወፍራም ስለሆነ ብርዱ ሆዱ ድረስ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። 17 ቁጥር ተጠቅልሎ ተመለሰ። በዚህ ዙር 21 ቀን።